ከአፈጻጸም ወደ ኋላ፦ የአንዲት ጡረተኛ ዳኛ የአስማሚነት ማስታወሻ

መስከረም

ቢሮ ተገኘ። ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ሲፈልግ የሚሠራ። ከልደታ ፍርድ ቤት ሩቅ አይደለም። ቦታውን የመረጥኩት ለጠበቆች ብዬ ነው። ጠዋት ችሎት ቆመው ከሰዓት እኔ ጋ ብቅ ማለት ከቻሉ ሰበብ ያንሳቸዋል።

ለማታውቁኝ፣ ብዙ ዓመት የፍትሐ ብሔር ዳኛ ነበርኩ። መጨረሻዬ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ላይ ነው። ጡረታ ስወጣ ጓደኞቼ "ጥብቅና አውጪ" አሉኝ። ልቤ አልሄደም። የመረጥኩት የፍትሐ ብሔር ክርክሮችን ማስማማት ነው። ምክንያቴ የተሰጠ ፍርድን ከሚያስፈጽመው ከአፈጻጸም ችሎት የመጣ ነው። እዚያ በሠራሁበት ጊዜ ስለ ፍርድ የተማርኩትን ያህል ሌላ ቦታ አልተማርኩም። ረቺው የፍርዱን ግልባጭ ይዞ ደስ ብሎት ይወጣል። ከዚያ የተረቺውን ንብረት ፍለጋ ይጀመራል። መኪናው ባንክ ተይዟል። ቤቱ በአማት ስም ነው። አንድ ዕቃ ተገኝቶ ሲከበር፣ ማለትም ለዕዳው ሲያዝ፣ ሦስተኛ ሰው መጥቶ "የእኔ ነው" ይላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉም በቁጥር 418 የመቃወም መብት ሰጥቶታል። ቀጥሎ ግምት፣ ቀጥሎ ሐራጅ፣ ቀጥሎ ገዢ ያልመጣበት ሐራጅ። ፍርዱ ትክክል ነው። ገንዘቡ ግን የለም።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ልሞክረው የፈለግኩት ነገር ግልጽ ነው። ሰዎች ሲስማሙ፣ ከመጨረሻው ከአፈጻጸሙ ተነስቼ ወደ ኋላ መሥራት። የማስታወሻው ጉዳይም ይኸው ነው። የባለጉዳዮቹን ማንነት የሚያስገምት ዝርዝር ሁሉ ለውጫለሁ።

የክፍሉ ነገር ከጠበቅኩት በላይ አስቸገረ። ሁለት ክፍል ያስፈልጋል። አንዱ የጋራ ነው። ሌላው አንዱን ወገን ለብቻው የማነጋግርበት። ባለሙያው በጂፕሰም ቦርድ ከፈለልኝ። ስንሞክረው ወዲያ ማዶ የሚወራው ሁሉ ይሰማል። ለብቻ የተነገረ ቃል ካፈተለከ ደግሞ ሥራው አለቀለት። ግድግዳው ድርብ ሆኖ መሃሉ በፋይበር ተሞላ። የበሩ ሥር ጎማ ገባ። ከቢሮው ወጪ ትልቁ ይኼ ሆነ፤ አይቆጨኝም።

ጠረጴዛው ክብ ነው። ወንበሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የእኔም ጭምር። ለጡረታዬ የተሰጠኝ ባለ ረጅም መደገፊያ ወንበር ቤት ቀርቷል። የልጅ ልጆቼ ይሽከረከሩበታል።

ጥቅምት

የወሩ ሥራ ወረቀት ነው። ሰዎች ከመቀመጣቸው በፊት የሚፈርሙት አንድ ሰነድ አለ። በፈቃዳቸው እንደመጡ፣ በፈለጉበት ሰዓት መተው እንደሚችሉ፣ እዚህ የተነገረ ነገር ችሎት ላይ ማስረጃ ሆኖ እንደማይቀርብ፣ እኔም ምስክር ሆኜ እንደማልጠራ ይናገራል። መነሻው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የምንሠራበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማስታረቅ ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ነበሩት። ፍርድ ቤቶችም ራሳቸው በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አግኝተዋል። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ ነው። ያኔ እኛ ዳኞች ሻይ ላይ ስናወራው "ሥራ ሊቀንስልን ነው" ያለ አለ፤ "ሥራችንን ሊወስዱብን ነው" ያለም ነበር። ሁለቱም አልሆነም።

የመጀመሪያው ረቂቄ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይመስል ነበር። "ከላይ በተጠቀሰው አኳኋን" የሚል ሐረግ ሁለት ቦታ። ጎረቤቴ ሱቅ ያላት ሴት እንድታነበው ሰጠኋት። ጥያቄ የጠየቀችበትን ቦታ ሁሉ እንደገና ጻፍኩት። አሁን አንድ ገጽ ነው።

ስለ ክፍያ አሰብኩበት። የምጠይቀው በተቀመጥንበት ልክ ነው፤ ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ። በስምምነቱ ገንዘብ ላይ በመቶኛ አልወስድም። ከተስማሙ ብቻ የሚከፈለኝ ከሆነ እንዲስማሙ መገፋፋቴ አይቀርም። ሰው ነኝ።

አንድ ስልክ ተደውሎ ነበር። ደዋዩ የድሮ መዝገቡን ይዞ ሊመጣ ይፈልጋል። መዝገቡን የወሰንኩት እኔ ነኝ። "እርስዎ ስለሚያውቁት ይቀላል" አለኝ። ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። በችሎት ያየሁት ጉዳይ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። የጠበቆቹንም ስም አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ከአንዳቸው ጋር የሥጋ ወይም የጥቅም ዝምድና ካለኝ ተናግሬ ምርጫውን ለእነሱ እተዋለሁ።

ኅዳር መባቻ

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዳይ መጣ። ክስ ተመሥርቶ የነበረ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ግን ከፍርድ ቤቱ ጊዜ ወስደው በራሳቸው ወደ እኔ መጡ። አንዲት ሜሪላንድ የምትኖር ሴት አዲስ አበባ ቤት አሠርታለች። የፊኒሺንግ ሥራውን ለአንድ ኮንትራክተር በቁርጥ ዋጋ ሰጥታለች። ሴራሚክ፣ ጂፕሰም፣ የአሉሚኒየም መስኮትና በር። ቅድሚያ ከፍላለች። ውሉ የተፈረመው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ነው። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአሉሚኒየሙና የሴራሚኩ ዋጋ አብሮ ወጣ። ኮንትራክተሩ "በዚህ ዋጋ አልጨርስም" አለ። ሥራው ቆመ። ቤቱ መስኮት የለውም።

የእሷ ወኪል ወንድሟ ነው። ውክልናውን አገላበጥኩት። መክሰስ፣ መከራከር፣ ይግባኝ ማለት፣ ጠበቃ መወከል ሁሉም አለ። መታረቅ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ለዚህ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት እንደሚጠይቀው ሁሉ። ልዩ ሥልጣን የሌለው ወኪል የፈረመው ስምምነት ነገ ከነገ ወዲያ "እኔ አልፈቀድኩም" ሲባል ይፈርሳል። ስለዚህ ከመቀመጣችን በፊት አዲስ ውክልና አዘዝን። ዋሽንግተን ኤምባሲ፣ ከዚያ እዚህ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ። ወንድምየው "ጊዜ ለመግደል ነው?" ብሎ ተቆጣ። ጠበቃቸው ግን ገብቶታል፤ ዝም አለ።

ከውጭ አገር የሚመጣ ጉዳይ ለያዛችሁ አስማሚዎች፣ የመጀመሪያ ቀን የምታነቡት ውክልናውን ይሁን። ክሱን ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ኅዳር መጨረሻ

ውክልናው መጣ። ተቀመጥን። ባለቤትየዋ በዋትስአፕ ቪዲዮ ገባች። በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ እነሱ ጋ ጠዋት 2 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ሥራ ትገባለች።

ገና ሰላምታ ሳያልቅ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ክብርት ዳኛ፣ እርስዎ ፍርዱን!" አለ ኮንትራክተሩ። ጠበቃውም የክስ መልሱን ጭብጥ በጭብጥ ማስረዳት ጀመረ። የሚያውቁት ይህንን ነው። ሽምግልናም ቢሆን ዳኝነት አለበት። አገር ቤት ሽማግሌ ይሰማል፣ ይቆጣል፣ ጥፋተኛውን ይገስጻል፣ "ለእኛ ስትል" ይላል፣ በመጨረሻም ይመርቃል። ኃይሉ እዚያ ነው። ሽማግሌው ቤተሰቡን ያውቃል። እምቢ ያለ ሰው እድር ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሰርግ ላይ ያገኘዋል። የጉራጌው የጆካ፣ የኦሮሞው ጃርሱማ፣ የሲዳማው አፊኒ ሁሉም በየራሳቸው ሕዝቡን ከጀርባቸው ይዘው ነው የሚሠሩት። እኔ ጀርባዬ ላይ ማንም የለም። ሜሪላንድ ያለችውን ሴትና ለቡ ያለውን ኮንትራክተር የሚያገናኝ እድር የለም። (ሽማግሌ ሲባል ሴት ትዝ የሚለውስ ማን ነው? ኮንትራክተሩ መጀመሪያ ቀን "ሌላ ሽማግሌ አይኖርም?" ብሎ ጠይቆኛል። "የለም፣ እኔ ነኝ" አልኩት።)

ስለዚህ ደንቡን ነገርኳቸው። እኔ አልፈርድም። ማን እንደሚረታም አልናገርም። እናንተ እርስ በርስ ትነጋገራላችሁ።

ሕጉን አውቀዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1764 ላይ ሁኔታው ተለውጦ የተዋዋዩ ግዴታ ካሰበው በላይ ቢከብድበትም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። መዝገቡ ችሎት ላይ ቢሆን ኮንትራክተሩ አብዛኛውን እንደሚያሸንፍ በሙሉ ልብ አልነግራችሁም። ጠበቃውም ያውቀዋል፤ ዓይኔን አያይም። የምጠይቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ለብቻ ክፍሉ ገባን። ለባለቤትየዋ ጠበቃ "ብትረቱ ከምን ላይ ትወስዳላችሁ?" አልኩት። የሥራ መኪናው በብድር የተገዛ ነው። ወርክሾፑ ኪራይ ነው። ሠራተኞቹ ደመወዝ እየጠበቁ ነው። ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠ። "የፍርድ ባለዕዳ ሆኖ ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ስንሻማ ማለት ነው" አለ ራሱ። ባለቤትየዋ ስክሪኑ ላይ ሆና ሰማች። ከዚያ በኋላ ስለ ውሉ አንቀጽ ብዙም አላነሳችም። "እኔ ገንዘብ አይደለም የምፈልገው። ክረምት ሳይገባ መስኮት እፈልጋለሁ። ባለፈው ዓመት ዝናብ ወለሉን በላው" አለች።

ክሱ ውስጥ መስኮት የሚል ቃል በዝርዝር አባሪ ላይ ብቻ ነበር። የተጠየቀው ገንዘብ ነው።

ታኅሣሥ

ከኮንትራክተሩ ጋር ለብቻ። ጠበቃውን ቡና እንዲጠጣ ላክነው፤ በፈቃዱ። ሰውየው ገንዘቡን ሲያወራ ይረጋጋል። የሚያናድደው ሌላ ነው። የቤተሰቡ የቫይበር ግሩፕ ላይ ፎቶው ወጥቶ "ሌባ" ተብሏል። ግሩፑ ውስጥ ሌላ ሁለት ሥራ ሊሰጡት የነበሩ ሰዎች አሉ። ሁለቱም ዝም ብለዋል።

ከዚያ በር በሩን እያየ ሌላ ነገር ነገረኝ። አሉሚኒየሙ አለ። ዶላሩ ከመጨመሩ በፊት በቅድሚያ ክፍያው ገዝቶታል። ሁሉም ባይሆን አብዛኛው። መጋዘን ተቀምጧል። ዛሬ ቢሸጠው ኪሳራውን ሁሉ ይሸፍንለታል፤ አልሸጠውም። ያልተናገረውም ፈርቶ ነው። "ካወቁ አስከብረው ይወስዱብኛል። መግጠሚያውን የሚከፍለኝ የለም።" እውነቱን ነው። ጠበቃዋ ቢሰማ በማግሥቱ የዕግድ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። እኔም ብሆን እጽፈው ነበር።

ግድግዳው ድርብ የሆነው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

"ይህን ልናገርልህ?" አልኩት። "አይሆንም" አለ። እሺ። በሌላ ቀን ለሁለቱም አንድ ጥያቄ አቀረብኩ፤ ስምምነቱ በጊዜው እስከተፈጸመ ድረስ የትኛውም የሥራ ዕቃ እንዳይከበር የሚል አንቀጽ ቢገባ ትቃወማላችሁ? የእሷ ጠበቃ ጥርጣሬ ገባው፤ ግን መቃወሚያ አላገኘለትም። ጊዜው ካለፈ ዕገዳው ይነሳል፤ እሷ የምታጣው የለም። አንቀጹ እንደገባ ኮንትራክተሩ ራሱ ተናገረ። ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ተቀየረ። ወንድምየው "ለምን ቀድመህ አልነገርከንም?" አለ። እሱም "ሌባ ነው የተባልኩት እኮ" አለ። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱ ብቻ ተነጋገሩ። እኔ ሻይ ቀዳሁ።

ጥር

መጻፍ ጀመርን። ይህን ክፍል ስለምወደው ብዙ እጽፋለሁ።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 274 እስከ 277 ስለ ስምምነት ያወራል። ተከራካሪዎች በማንኛውም ጊዜ መስማማት ይችላሉ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሆናል፤ ፍርድ ቤቱ ከሕግና ከሞራል ጋር አለመጋጨቱን አይቶ ይመዘግበዋል። ሕጉ አንድ የሚገርም ነገር ይጨምራል። ስምምነቱ በተቻለ መጠን ግልጽ ይሁን፤ ወጪን፣ ካሣንና አፈጻጸምን የሚመለከት ዝርዝርም ይኑረው ይላል። በችሎት ዘመኔ የሚቀርቡልን የዕርቅ ወረቀቶች ግን ብዙዎቹ ግማሽ ገጽ ናቸው። "ተስማምተናል፣ ቀሪውን በመነጋገር እንጨርሳለን፣ መዝገቡ ይዘጋልን።" ይዘጋል። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ መዝገብ ሆኖ ይከፈታል።

ስለዚህ የተከለከሉ ሐረጎች ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ፦ "በተቻለ ፍጥነት"፣ "ተገቢው ክፍያ"፣ "በመግባባት"፣ "አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ"። ከጠበቆቹ ወጣቱ አይቶት ሳቀ። ከዚያ የራሱን ረቂቅ አውጥቶ ሁለቱን ሰረዘ።

የምጽፈው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህ አንቀጽ ባይፈጸም የአፈጻጸም ዳኛዋ ምን ታዝዛለች? እሷ ጉዳዩን አታውቀውም። ወረቀቱን ብቻ ነው የምታየው። "ጥራት ያለው መስኮት ይገጥማል" ቢል ምን ታዘዝ? ስለዚህ መስኮቶቹ በክፍል ተቆጠሩ፤ የፕሮፋይሉ ዓይነት፣ የመስታወቱ ውፍረት ተጻፈ። መግጠሙን የሚያረጋግጥ መሐንዲስ በስም ተመረጠ፤ እሱ ባይገኝ የሚተካውም አብሮ። ይህን ስጽፍ የባለቤትየዋ ወንድም ታከተው። "እነዚህ ሰዎች ታርቀዋል እኮ!" አለ። እውነቱን ነው፣ ታርቀዋል። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለተጣሉበት ቀን ነው።

ገንዘቡ እንዲህ ሆነ። አሉሚኒየሙ በድሮው ዋጋ ይገጠማል። የሴራሚኩን አዲስ ዋጋ ባለቤትየዋ ለአቅራቢው በቀጥታ ትከፍላለች፤ በኮንትራክተሩ እጅ አያልፍም። የግቢው ንጣፍ ከውሉ ወጣ፤ እሷም አልፈለገችውም። የእጅ ዋጋው በሦስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍያ ከአንድ የተጠናቀቀ ፎቅ ጋር የተያያዘ ነው። ሥራው ከዘገየ በሳምንት የሚቀነስ መጠን አለ። ክፍያ ከዘገየ ደግሞ በሕጉ 9 በመቶ ወለድ ይታሰባል። ሁለቱም ላይ እኩል የሚያስር ነገር ስለሆነ ያለ ክርክር አለፈ። ውሉን ማሻሻል በራሳቸው እጅ መሆኑን ቁጥር 1764ም አልከለከለም፤ ዳኛ አይለውጠውም እንጂ እነሱ በአዲስ ስምምነት ሊለውጡት ይችላሉ።

የቀረው የቫይበሩ ነገር ነው። ኮንትራክተሩ ይቅርታው ስምምነቱ ውስጥ ይግባ አለ። ጠበቃዋ አሻፈረኝ አለ። እኔም አልወደድኩትም፤ በሌላ ምክንያት። ይቅርታን አፈጻጸም ችሎት ማስገደድ አይችልም። የማይፈጸም አንቀጽ የሚፈጸሙትንም ያረክሳል። በመጨረሻ ለብቻ ወረቀት ላይ ሆነ፤ ወደ ፍርድ ቤት የማይሄድ። ቃሉን ራሷ ጻፈችው። ስብሰባው ሳያልቅ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። ስልኩ ወዲያው መጮህ ጀመረ። አንዷ አክስት የልብ ምልክት ላከች፤ ሌላዋ "ዕቃው ስንት ሰዓት ይገጠማል?" ብላ ጠየቀች።

የካቲት

ስምምነቱ ቀርቦ ተመዘገበ። ዳኛው የአፈጻጸም አንቀጾቹን አንብቦ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ የተተኪው መሐንዲስ ፊርማ የት እንዳለ። አባሪ ላይ ነበር።

በዚህ ወር ሌላ ጉዳይ ዘጋሁ፤ ያለ ስምምነት። የሱቅ ኪራይ ነው። ተከራዩ ኩባንያ በየጊዜው ሌላ ሠራተኛ ይልካል። የሚመጣው ሁሉ "አለቃዬን ልጠይቅ" ይላል። መወሰን የሚችል ሰው አይመጣም። ቀጠሮ ሲጠየቅ ግን ረጅሙን ይመርጣሉ። አከራይዋ ኪራይ ሳይከፈላት ሌላ ወር ሄደ። ይህን ዓይነት ሰው ከችሎት አውቀዋለሁ፤ እዚያ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ እዚህ ድርድር ይጠይቃል። ለሁለቱም በአንድ ቀን በጽሑፍ አሳወቅኩ፦ ማስማማቱ አልቋል፣ ወደ ክሳችሁ ተመለሱ። ምክንያቱን አልጻፍኩም። ምስጢሩ ለሱም ይሠራል።

አንዲት ሴት ደግሞ ከባሏ ጋር "ስለ ንብረት ብቻ" እንድናስማማ ጠየቀች። ለብቻ ሳነጋግራት እጇ ላይ ያየሁት ነገር ስለ ንብረት አልነበረም። አልተቀበልኩትም። ወዴት መሄድ እንዳለባት ነግሬ፣ አብሬ ደውዬ ሸኘኋት። የፈራ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አይደራደርም። ጠረጴዛው ክብ ቢሆንም።

መጋቢት

የመጀመሪያው ፎቅ መስኮት ተገጠመ። መሐንዲሱ ፈረመ፤ ክፍያው በማግሥቱ ገባ። ሁለተኛው ፎቅ ዘገየ። መብራት ጠፍቶ የአሉሚኒየሙ መቁረጫ ቆሞ ነበር። ኮንትራክተሩ ለእኔ ሳይሆን ለባለቤትየዋ ወንድም ደወለ። ወንድምየው ሄዶ አይቶ "የዚህ ሳምንት ቅነሳ ይታለፍለት" አለ፤ እሷም በመልእክት ተስማማች። ቅጂውን ላኩልኝ። ስምምነቱ ላይ "ለውጥ በጽሑፍ ብቻ" የሚል አንቀጽ ስላለ መልእክቱን አትመው ሁለቱም ፈርመውበታል። ለምን ፈረማችሁ ስላቸው ወንድምየው "ግድግዳው ላይ የለጠፉትን አየን እኮ" አለ።

ለሚቀጥለው የማስተካክላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። መብራት መጥፋት የዘገየ ሥራ ቅነሳን ያቆማል ወይስ አያቆምም፣ አንቀጹ ላይ የለም፤ ይገባል። የመግቢያው ሰነድ ወደ አፋን ኦሮሞ እየተተረጎመ ነው፤ ትርጉሙን ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ታነበዋለች፤ እሷ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። ሐሙስ ሁለት ሸሪኮች ይመጣሉ፤ አንድ ማተሚያ ቤት፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት ባለቤት። ማሽኑ እንደ መኪና ሊብሬ የለውም፤ የግዥ ሰነዱን ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።